የትርንጎ አርባ

ሰኞ፣ ኅዳር 1
ዛሬም ስም ተጠራ። 26፣ አቤት። 27፣ ዝም። 28፣ እኔ።
27 እህቴ ትርንጎ ናት። በነሐሴ 11ኛ ክፍል ተመዘገበች፣ በመስከረም ሞተች። ትኩሳት። መንገዱ ጭቃ፣ መኪና የለም፤ በቃሬዛ ተሸክመናት ወገዳ ጤና ጣቢያ ሳንደርስ አረፈች። አንድ ቀን እንኳ አልተማረችም። የክፍል ኃላፊያችን ግን ስሟን ይጠራል፣ ቀና ይላል፣ ያልፋል። ለምን አይሰርዛትም? አንተ ደብተር፣ የምታውቅ ከሆነ ንገረኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3፣ ከሰዓት
ር/መምህሩ አስጠሩኝ። የእጅ ጽሑፍህ ያምራል ብለው የተማሪ ቁጥር ቅጽ ከነስም ዝርዝሩ እንድገለብጥ ሰጡኝ። ወንድ፣ ሴት፣ ድምር። ከሥሩ ያቋረጡ፦ በትዳር፣ በስደት፣ በሥራ፣ በሌላ። ሞት የሚል የለም።
ትርንጎ ግን ከሚማሩት ውስጥ ተቆጥራለች። ጠየቅኋቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። 11ኛ ክፍል አርባ ካልሞላ ቲቸር ጽጌ ትዛወራለች። ሒሳብም ፊዚክስም የምታስተምረን እሷ ብቻ ናት። ከትርንጎ ጋር ልክ አርባ ነን።
«እህትህም ብትኖር እንዲሁ ነበር የምትለው፣ ልጄ።»
በምን አወቁ? አንድ ቀን አናግረዋት አያውቁም።
ለደሴ ነገርኩት፣ አንድ ዴስክ ነው የምንቀመጠው። «እሷን ምን ይጎዳታል? ባለችበት ትቆጠርልን» አለ። ከዚያ ደነገጠ። አልመታሁትም። እጄ ግን ተነሥቶ ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4
አልገለበጥኩም። አልቻልኩም።
የአርባ ተዝካሯን በጥቅምት አወጣን። አሁን ደግሞ አርባ ሙይልን ይሏታል።
ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። መንገዱን ብቻዬን እንዳልሄድ ተብሎ፣ እኔ እስካድግ ትምህርት ሳትጀምር ቆየች። አንድ ክፍል የሆንነው ለዚያ ነው። በሕይወቷ እኔን ጠበቀች። ሞታ ደግሞ መምህር ትጠብቅልን?
ብሰርዛት 27 የምሆነው እኔ ነኝ። አልፈልግም።

አርብ፣ ኅዳር 5፣ ጠዋት 4 ሰዓት
ቲቸር ጽጌ ሰምታለች። ከክፍል አስወጣችኝ። «በትርንጎ ስም እዚህ አልቆይም። ሰርዛት።»
ተናደድኩ። ለአንቺ ቀላል ነው፣ የምትሄጂው መኪና ወደሚገባበት ነው አልኳት። ቲቸር እንኳ አላልኩም።
«ልክ ነህ» አለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ተመልሳ ገብታ ያልጨረስነውን ምዕራፍ ቀጠለች፤ በጥድፊያ፣ የሚሄድ ሰው እንደሚያስተምረው።

11 ሰዓት
ገለበጥኩ። በእስክሪብቶ። ድምር 39። «በሌላ» የሚለውን ሰርዤ «በሞት» ብዬ ጻፍኩ፣ ሥሩ 1። ስም ዝርዝሩ ላይ 27ን ባዶ ተውኩት፤ እኔ 28 ነኝ። ር/መምህሩ ካልተስማማቸው ጽሑፉ የሚያምር ሌላ ልጅ ይፈልጉ።
ደሴ ያኮርፈኛል። ክፍሉ በሙሉ ያኮርፈኛል። ሒሳብ ላይኖረን ይችላል።
የትርንጎ አርባ ግን አንዴ ወጥቷል።