በባሪ ከተማ የሚጎበኙ ነገሮች

እሑድ

ግንቡን ያስቀድሙ ይለኛል ጉዳይ አስፈጻሚው። ግንብ ምን ያደርግልኛል? በዚህ ዕድሜዬ ድንጋይ ለማየት ባሕር የምሻገር ሰው እመስላለሁ? ጻፊው ምህረት፣ እንዳልኩት ጻፊው። ምህረት የልጄ የታምራት ሚስት ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። ልጆቼን ግን አስቆጥሬያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ አስቴር ጣሊያን ናት፤ በደቡብ በኩል፣ ባሪ የምትባል አሮጌ የወደብ ከተማ። ኩላሊቷ ደክሟል። ደሟን በማሽን ያጥቡላታል። ፔፐሯ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ስላለቀ ወጥታ ወደ እኛ፣ ወደ ጆሃንስበርግ፣ መምጣት አትችልም። ስለዚህ እኔ እሄዳለሁ። እጄን ራሷ ላይ ጭኜ ሳልመርቃት አትሞትብኝም።

ፔፐር የሌላትን ልጁን ሊጠይቅ ነው ብሎ ቪዛ የሚሰጥ የለም አሉ። ቱሪስት መሆን አለብኝ። ረቡዕ ቪዛ ቢሮ እቀርባለሁ። ጀርሚስተን ያለው ጉዳይ አስፈጻሚ፣ ሳሚ የሚሉት የአዲስ አበባ ልጅ፣ የከተማዋን ነገር እንደ ጥቅስ ይሸምድዱ ብሎኛል።

ሰኞ

ሳሚ ራሱ ሮዘተንቪል፣ ቤታችን ድረስ መጣ። የያዝኩትን ልቁጠር። ግንቡ። አሮጌው ሰፈር፣ መንገዱ ጠባብ፣ ልብስ በመስኮት የሚሰጣበት። የባሕሩ ዳር። ወደቡ ላይ ዓሣ አጥማጆቹ ስምንት እግር ያለውን የባሕር አውሬ ድንጋይ ላይ እየደበደቡ ያለሰልሱታል፤ ከዚያ በጥሬው ይበሉታል። ይህንን አልበላም አልኩት። "ማየት ብቻ ነው ፋዘር" አለ።

ቀጥሎ የቅዱስ ኒቆላዎስን ቤተ ክርስቲያን አመጣ። አጽሙ እዚያ ነው፣ ሰው ከሩቅ አገር መጥቶ ይሳለመዋል፣ ልሳለም ነው የምሄደው ቢሉ ያምኑዎታል አለኝ። ተቆጣሁ። እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ። ለሞተ ሰው አጥንት አልሰግድም። ሳሚ ማተቡን እየነካካ ሳቀ፦ "እንግዲያው ሕንፃውን ይዩልኝ፣ መሳለሙን ለእኔ ይተዉት።" ልጁ አይከፋም። ሕንፃው ላይ ተስማማሁ።

ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመ። "እዚያ ዘመድ አለዎት ወይ ካሉ፣ የለኝም ነው መልሱ" አለ። ታምራት "ይላል፣ ይላል" ብሎ ሸኘው።

ማክሰኞ

አስቴር ጋ ደወልን። ከማሽኑ ተመልሳ ተኝታለች፤ ድምጿ ሳስቷል። ግንቡን አይተሽዋል ወይ አልኳት። በየቀኑ በጎኑ ታልፋለች፣ ገብታ አታውቅም። ቤተ ክርስቲያኑስ? የምትንከባከባቸውን አሮጊት በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ትወስዳቸው ነበር። ውስጡ በበጋ ቀዝቀዝ ይላል አለች። ሌላ አላስተዋለችም።

የምትወደው አንድ መንገድ ነው። ሴቶች ደጃፋቸው ላይ ጠረጴዛ አውጥተው ሊጥ በቢላ ይቆርጣሉ። እያንዳንዱን ቁራጭ በአውራ ጣት ደፍጠጥ አድርገው ሲገለብጡት ትንሽ ጆሮ ይመስላል። ከዚያ ወንፊት ላይ ያደርቁታል። አንዷ አስተምራታለች፤ ጣትሽ ለዚህ የተፈጠረ ነው ብላታለች። አሁን ማሽኑ የሚሰካበት ክንዷ ስላበጠ አልቻለችም።

"አባ፣ ስትመጣ እዚያ መንገድ ላይ ወንበር ያወጡልሃል" አለችኝ። ስትመጣ አለች። ልቤ ትንሽ ተነሣ።

ይህንንም ጻፊ። በእኛ መንደር አባት በአፉ የካደው ልጅ አይከርምም። የሞተውን ልጅ እንኳ ቀድሞኛል እንላለን እንጂ የለኝም አንልም። እሷ ታማ በተኛችበት እኔ እንዴት የለችኝም እላለሁ? ታምራት ቃል ብቻ ነው አባዬ፣ ጌታ ልብ ያያል ይላል። ይህ ልጅ ብዙ ዘመን ሱቅ ውስጥ ተቀመጠ። ቃል ብቻ የሚባል ነገር የለም።

ረቡዕ

ሱፌን ለብሼ ቀረብኩ። ከመስታወቱ ወዲያ ወጣት ሴት፣ ከጎኗ አስተርጓሚ። ባሪን ለምን መረጡ አለችኝ። ዘረገፍኩት። ግንቡን፣ ወደቡን፣ ያንን የሚደበደብ አውሬ፣ የኒቆላዎስን ሕንፃ። አንድም አልሳትኩ። ከሁሉ የቱን ማየት ይፈልጋሉ አለች። ሴቶቹ ሊጥ የሚሠሩበትን መንገድ አልኩ፤ ይህን ሳሚ አላስተማረኝም። በአውራ ጣቴ ባንኮኒው ላይ እየደፈጠጥኩ አሳየኋት። ሳቀች። አስተርጓሚውም እኔ እንኳ ይህን አላውቅም አለ።

ከዚያ መጣች ጥያቄዋ። እዚያ ዘመድ አለዎት?

ታምራት ከኋላዬ ተቀምጦ ጉሮሮውን ጠረገ። አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው፣ የለኝም ልል ነበር የከፈትኩት።

"ልጅ አለችኝ፤ አስቴር ትባላለች፤ ታማለች" አልኩ።

ሴትየዋ መጻፍ ጀመረች። ሳቋ ጠፋ። ልጅዎ የመኖሪያ ፈቃድ አላት ወይ አለች። ያንን አልመልስም አልኩ። ሌላ አልጠየቀችኝም።

ታክሲ ውስጥ ታምራት አላናገረኝም። ሳሚ በስልክ "ፋዘር፣ በገዛ እጅዎ ዘጉት እኮ" አለኝ። መልሱ በሌላ ቀን ይመጣል። ምን እንደሚል አውቀዋለሁ፤ ለማወቅ ማንበብ አያስፈልግም።

ሐሙስ

ታምራት ሻይ ሳይጠጣ ዛንድስፕሩት ወዳለው ሱቁ ሄደ። ተቆጥቷል። ለእህቱ ነው፤ አልፈርድበትም።

አስቴር ራሷ ደወለች። ነግሯታል።

"አባ፣ አንዲት ቃል እኮ ነበረች።"

አዎ አልኳት።

"እኔ አልቀየምህም ነበር። የለችኝም በልና ና እልህ ነበር።"

አውቃለሁ አልኳት። አለቀሰች። ምህረት አባባ፣ ይህንንም ልጻፈው ወይ ትላለች። ጻፊው። ከፍቶኛል። አልተጸጸትኩም። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ስልኩን ራስሽ ላይ አድርጊው አልኳት። አደረገችው፤ ጸጉሯ ሲንሿሿ ተሰማኝ። መረቅኋት፤ በአማርኛ ሳይሆን በሀዲይሳ፣ በእናቷ ቋንቋ። ፓስተራችን ካናዳ ላለ ሰው በስልክ ይጸልያል። ጸሎት ይደርሳል፣ እሱን አልጠራጠርም። እጅ ነው የማይደርሰው።

ጨርሼ አሜን እስክትል ጠበቅኩ። መስመሩ ተቋርጦ ይሁን ደክሟት፣ ምንም አልሰማሁም።

ምህረት፣ እስክሪብቶውን አስቀምጪና ደግመሽ ደውይላት።