ኤሊዋ የመጣች ዕለት

ለውዷ ልጄ፣

እንደምን አለሽልኝ? በሄድሽበት ሁሉ ቀና ሰው አያሳጣሽ፤ እግርሽን እንቅፋት አይንካው። እኛ ደህና ነን። የአባትሽ ወገብ ትንሽ ተሽሎታል፤ የማድቤቱ ቧንቧ ግን ዛሬም ያንጠባጥባል።

ፋብሪካው ቆሻሻውን ባሕር ውስጥ መድፋት ካቆመ ወዲህ፣ ባሕሩ ማገገሙን ለማየት በየዓመቱ እየጠለቅሁ ከባሕሩ ወለል የሚበቅለውን ሣር ስለካ መኖሬን ታውቂያለሽ። ማክሰኞ ዕለት ታች ወርጄ ሳለሁ፣ አንዲት ኤሊ እንደ ቤቷ ተዝናንታ ያንን ሣር ስትግጥ አየኋት። አንቺ ከተወለድሽ ወዲህ እዚህ ኤሊ ታይቶ አያውቅም። ስወጣ ጀልባ ነጂው፣ "ምነው ዓይንሽ ቀላ?" አለኝ።

"መነጽሩ ውስጥ ውሃ ገብቶ ነው።"

"ከውጭ ነው ከውስጥ የገባው?" ብሎ ሳቀብኝ።

እራት ላይ ለአባትሽ ስነግረው፣ "ታዲያ ባሕሩ ዳነ በይኛ!" አለ።

"መርዙስ እየለቀቀው ነው። የውሃው ሙቀት ግን ከዓመት ዓመት እየባሰ ነው፤ ዳር ዳሩ ላይ ያለው ሣር መጠውለግ ጀምሯል። ገና ብዙ ዓመት እንለካለን" አልኩት።

እሱም፣ "እንግዲያው ልጅቷ ቶሎ ትምጣ" አለ።

ልጅ ሳለሽ "ውሃው ያሳክክሻል" እያልኩ ከዳር ስመልስሽ፣ ጫማሽን ታቅፈሽ የምታለቅሺው ለቅሶ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። አሁን የምከለክልሽ ነገር የለም። ሥራሽን ጥለሽ ነይ አልልሽም። ፈቃድ ስታገኚ ግን፣ ሣሩ አረንጓዴ ሳለ፣ አንድ ጊዜ አብረን እንግባ። ጠዋት ጠዋት ውሃው አሁንም ቀዝቀዝ ይላል።

ደግ ደጉን ያሰማኝ፤ ዓይንሽን ሳላይ አያስቀረኝ።

እናትሽ