ብርድ ልብስ አጣጣፊዎች

ይድረስ ለማትረሺኝ ጓደኛዬ፣

እንዴት ከረምሽ? ወገብሽስ ሻል አለሽ? እዚያ ባሕር ማዶ የምታስታምሚያቸው አሮጊትስ ዛሬም ያመናጭቁሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናቸው፤ አሁንም ሬዲዮናቸውን አስጩኸው ጎረቤት ይበጠብጣሉ።

«አዲሱ መንግሥት ሥራ ለአገር ልጅ ብሏል፣ ፋብሪካችንም ተከፍቷል አሉ፤ እውነት ከሆነ ጨርቄን ማቄን ሳልል ልምጣ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። በኔ ቃል ሥራሽን ጥለሽ ልትመጪ ነውና ያየሁትን ሳልደብቅ እነግርሻለሁ።

አዎ፣ ተከፍቷል። ከውጭ በሚገባው ብርድ ልብስ ላይ ቀረጥ ሲከመርበት ጊዜ፣ ባለቤቶቹ ዝገቱን አስጠርገው ማሽኖቹን አስነሱ። የዚያን ቀን ጠዋት የፋብሪካው ጡሩምባ ሲነፋ ከአልጋዬ ዘልዬ ተነሣሁ። በነጠላ ጫማ ወጣሁ። ያ ኩሩው መካኒክ ጎረቤቴ በር ላይ ቆሞ ፊቱን በፎጣ ሸፍኖ ያለቅሳል። አንቺ ብትኖሪ ትስቂበት ነበር ብዬ እኔም አለቀስኩ።

እኔን አዲሶቹን እስካሠለጥን ድረስ በኮንትራት መለሱኝ። ጠረጴዛችን እዚያው ነው። ትዝ ይልሻል? አንቺ ብርድ ልብሱን በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ ጫፍ ይዘን ስንገናኝ ወሬ ጣል ታደርጊብኝና መልሰን ስንራራቅ ታቋርጪዋለሽ። ቀሪውን ለመስማት ስጣደፍ ነበር ከሁሉም በላይ የምናጥፈው። አለቃችን ግን የሥራ ፍቅር መስሎት ያመሰግነን ነበር። እንዴት ናፍቀሽኛል!

ክፉውንም ልንገርሽ። ክሩ ገና ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ሲዘገይ ማሽን ይቆማል፣ ማሽን የቆመበት ቀን ደግሞ አይከፈልም። ብርድ ልብሱም ተወዷል፤ እኛው ሠርተነው እኛው መግዛት አቅቶናል። የሚቀጥሩት ወጣት ወጣቱን ነው። ስላንቺ አለቃውን ብጠይቀው «ዕድሜያቸው...» ብሎ ጀመረና ፊቴን ሲያይ ተወው። ግን እንዲያው መንግሥትን ልራገም ስል፣ ስንት ዘመን ደጃፍ ላይ የተጎለቱ ወንዶች ጠዋት ተላጭተው ሲወጡ አያለሁ፤ አፌን ይይዘኛል። ብቻ ለሥራው ብለሽ አትምጪ።

«ልጄ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች?» ላልሽው፣ ጤናዋ ደህና ነው፤ ቁመቷም አንቺን አልፏል።

አሁን በአንቺ ቦታ ቆማ ከኔ ጋር የምታጥፍ አንዲት ልጅ አለች። «እናቴ ለኔ ስትል በሰው አገር ወገቧ መጉበጡ ይብቃ» ብላ ትምህርቷን አቋርጣ ነው የመጣችው። ተቆጣኋት፣ ለመንኳት፣ ወይ ፍንክች! ሥራዋማ ልቅም ያለ ነው። ከማጠፏ በፊት ጨርቁን ሁለቴ ታራግፈዋለች፣ ልክ እንዳንቺ። ማን አስተማረሽ ብላት፣ ልጅ ሆና ቤት ውስጥ እናቷ አንሶላ ስታጥፍ እንዳየች ነገረችኝ። ከዚያ ፊቷን አዙራ ቀጣዩን ብርድ ልብስ አነሣች።

ስሟን እንዳልጽፍልሽ አስምላኛለችና አልጽፍም። አንቺ ግን የትምህርት ቤት ምዝገባ ሳያልፍ ነይ።

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ በደህና ያገናኘን።

እንደ እህት የምታይሽ ጓደኛሽ