ከእህትሽ በፊት ሥራ የገባው አዝራር

ለምወድሽ የልጄ ልጅ ለሰልሰቢል፤ መስካት።

ጤናሽ እንዴት ነው? እንቅልፍሽስ? የሌሊት ተረኝነቱ ቀለለልሽ ወይስ አሁንም ቀኑን በመጋረጃ አጨልመሽ ነው የምትተኚው? ወገብሽ፣ እግርሽ፣ አቧራ ባየ ቁጥር የሚያስነጥስሽ አፍንጫሽ፣ ሁሉም ሰላም ነው? በሽተኞችሽስ እንዴት ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አያትሽ ኸዱጃ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ያማታል፣ ምላሷ ግን ፍጹም ጤነኛ ነው። እኔም ደህና ነኝ፤ እሷን ብትጠይቂያት ግን ትክደዋለች።

ከዚህ ቀጥሎ ለመላው ቤተሰብ፣ ለወዳጅ ዘመድ፣ እንዲሁም በባሕር ማዶ ለሚገኙት ሁሉ የሚከተለውን በታላቅ ክብር አስታውቃለሁ። በባቡር ድርጅት ለረጅም ዘመን በታማኝነት ያገለገለው፣ ከእኔ ጋር ጡረታ ወጥቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅሎ የኖረው የደንብ ልብሴ የነሐስ አዝራር፣ በከተማችን በሚገኝ አንድ የወይራ ዘይት ላኪ ድርጅት፣ ያውም በሥራ አስኪያጇ ሆድ ላይ፣ ሥራ አግኝቷል። እህትሽ ኡመይማ እዚያው ቤት የተቀጠረችው ከእሱ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ይታወቅልኝ።

መቀጠሯን በስልክ እንደነገረችሽ አውቃለሁ። እንዴት እንደተቀጠረች ግን አልነገረችሽም፤ ብትነግርሽ ኖሮ እስካሁን ደውለሽ ትስቂብኝ ነበር። እኔ ደግሞ በስልክ ልነግርሽ ስጀምር አያትሽ ከጆሮዬ ላይ ትነጥቀኛለች። ስለዚህ በወረቀት አደረግሁት። የጎረቤታችን የሙንጂያ ልጅ ወደ መስካት ሲመለስ ከሀሪሳው የበርበሬ ድልህ ማሰሮ ጋር ያደርስልሻል።

ኡመይማ ትምህርቷን ከጨረሰች ወዲህ ያላንኳኳችው በር እንደሌለ ታውቂያለሽ። የዘይት ላኪዎቹ ለቃለ መጠይቅ ሲጠሯት፣ ይህ የመጨረሻዬ ነው፣ ካልሆነ ወሩ ሳያልቅ ሰልሰቢል ዘንድ እሄዳለሁ አለች። አንቺም ቶሎ ብለሽ ክፍልሽ ውስጥ ሁለተኛ አልጋ ዘርግተሽ ፎቶውን ላክሽ። አትቀየሚኝ፣ አልጋው ያማረ ነው። እኔ ግን ያንን ፎቶ ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ እዚህ ቤት ባዶ የሚሆነው አልጋ ነበር። አንዱን ባዶ አልጋ ለምደነዋል፤ አያትሽ የታጠበ ልብስ ትከምርበታለች። ለሁለተኛው የሚሆን ልብስ የለንም።

ደግሞ ምክርሽ! አዲስ ሙሉ ልብስ ትግዛ፣ ቀጭን ተረከዝ ያለው ጫማ ታድርግ ብለሽ አንድ ሥዕል ላክሽላት። አየሁት። ሴትዮዋ አንድ እግሯን ወደፊት ጥላ የቆመችው ልክ ዓሣ እንደሚጠብቅ ሽመላ ነው። እኔ ስለ ፋሽን አላውቅም፤ ነገር ግን ከመህዲያ ወደ ሱስ ከተማ በሚመላለሰው ባቡር ላይ ቲኬት ስቆጣጠር የመሥሪያ ቤት ሴቶችን ማለዳ ማለዳ እያየሁ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ጎበዞቹ አንድ ደህና ጃኬት ነበራቸው፤ ሌላውን ቀን ሻርፕ እየለዋወጡ አዲስ ያስመስሉታል። ተረከዛሙን ጫማ በከረጢት ይዘው በዝርግ ጫማ ይሮጣሉ። ሲቀመጡ ጃኬቱን አውልቀው ጭናቸው ላይ ያጥፉታል፣ እንዳይጨማደድ። ይህን ሁሉ ስነግራት እህትሽ ምን አለችኝ መሰለሽ? «አባባ፣ ቲኬት ነበር ወይስ ሴት የምትቆጣጠረው?» አያትሽ ወጥ ቤት ሆና ለጥያቄው መልስ ስትጠብቅ ስለነበር ወሬ ቀየርኩ።

ኡመይማም አንድ ደህና ጃኬት ነበራት፤ ያቺ ግራጫዋ፣ አምና ከልባሽ ጨርቅ ገበያ ያገኘቻት። አንድ አዝራር ወድቆባት እኔ ከደንብ ልብሴ ላይ የቆረጥኩትን፣ የባቡር ጎማ የተቀረጸበትን የነሐስ አዝራር ተክቼላታለሁ። ከሌሎቹ ጋር አይሄድም ብላ አኩርፋ ነበር፤ ኋላ ለመደችው። የጎደላት ሱሪ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሰኞ ማለዳ፣ ቦንዳ በሚፈታበት ቀን፣ ሙንጂያን መሪ አድርገን ሦስታችን ገበያ ወጣን።

ሙንጂያን እዚያ ብታዪያት ሌላ ሰው ናት። መንገድ ላይ ጉልበቴን የምትል ሴት ክምሩ ዘንድ ስትደርስ እንደ ድመት ትዘላለች። ሰኞ ለመምረጥ፣ በሳምንቱ መጨረሻ ለርካሹ ነው የምትመጪው አለቻት ኡመይማን። ገልብጠሽ ስፌቱን እዪ፤ ብብቱን ወደ ብርሃን አውጪው፤ ወገቡን ልብስ ሰፊ ያጠበዋል፣ እጅጌውንም ያሳጥረዋል፣ ትከሻውን ግን ማንም አይጠግነውም፤ ትከሻው ልክ ካልሆነ ወርቅ ቢሆን ጣዪው አለቻት። በመጨረሻም ዋናውን ትምህርት ሰጠቻት፦ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከየት ገዛሽው ካሉሽ፣ እህቴ ከልዮን ላከችልኝ በዪ። እንደምታውቂው በመህዲያ የቦንዳ ልብስ የሚለብስ አንድም ሰው የለም። ሁላችንም ልዮን ውስጥ እህት አለን።

እህትሽ ጥቁር ሱሪ አገኘች፤ በፍራሽ ስር አድሮ የወጣ የሚመስል፣ መስመሩ ያልጠፋ። ከዚያ አንድ ነጭ ሸሚዝ ልትለካ ግራጫዋን ጃኬት አውልቃ «አባባ፣ ያዝልኝ፣ እንዳትለቃት» አለችኝ። ያዝኩላት። እንግዲህ እዚያው አጠገቤ አንድ ሰደርያ ነበር፤ ሐር ገበር ያለው፣ ለእኔ ተብሎ የተሰፋ። እጄ አንድ ብቻ አይደለም፣ ሁለት ነው፤ ለሰደርያው ግን ሁለቱም አስፈለጉኝ። ጃኬቷን ለአፍታ ብቻ ክምሩ ላይ አሳረፍኳት።

ሰደርያው ጠበበኝ። ዘወር ስል ጃኬቷ የለችም። አንዲት ጥቁር መነጽር ያደረገች ሴት ከፍላ፣ በፌስታል አስይዛ ሕዝቡ ውስጥ ገብታለች። ሻጩን ያዝኩት፤ የልጄን ልጅ ጃኬት ሸጥክ አልኩት። እሱም በእርጋታ «ሐጂ፣ እዚህ ክምር ላይ ያረፈ ሁሉ የእኔ ነው። እርስዎም ትንሽ ቢያርፉ ኖሮ እሸጥዎት ነበር» አለኝ። ሙንጂያ «ማን ይገዛቸዋል?» አለችው።

ቤት እንደገባን እህትሽ ዓሣ ያለበትን ኩስኩስ ሳትነካ ክፍሏ ገብታ ሻንጣዋን አወረደች። እቃ መክተት አልጀመረችም፤ ባዶውን ሻንጣ አልጋው ላይ ከፍታ ተቀመጠች። አያትሽ እኔን ባላዘነ ዓይን ስታየኝ ዓሣውም የሚያየኝ መሰለኝ። ያን ጊዜ ተነሥቼ ቁም ሣጥኑን ከፈትኩና የደንብ ጃኬቴን አወጣሁ። ጥቁር ሰማያዊ፣ ጥሩ ሱፍ፣ አንድ አዝራር የጎደለው። ኡመይማ ላይ ጣልኩት። እኔ ወጣት ሳለሁ ቀጭን ነበርኩ፤ አያትሽ ትክደዋለች፣ ጃኬቱ ግን መስክሮልኛል። ሙንጂያ ዞር አድርጋ አየቻትና «ትከሻው ልክ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ የተረፈው የልብስ ሰፊው ሥራ ነበር። የጎደለውን አዝራር የሚመስል አላገኘንም፤ ቦታውን ባዶ ተወው።

ሐሙስ ጠዋት እህትሽ ፀጉሯን ወደኋላ ሰብስባ፣ አሮጌ ጫማዋን አሳምራ ወልውላ፣ ቀድማ ሄደች። ከጠረጴዛው ወዲያ ሁለት ወንዶችና ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ራውዳ ተቀምጠዋል። ጥቁሩ መነጽር ጠረጴዛው ላይ ነው። ወይዘሮ ራውዳም የለበሰችው የኡመይማን ግራጫ ጃኬት ነው፤ የነሐሱ አዝራር ከሆዷ ላይ ፊት ለፊት እያበራ።

ከሁለቱ አንዱ፣ መላጣው፣ አንዴ አንዱን ጃኬት አንዴ ሌላውን አየና «ምን ያለ ነገር ነው! ወይዘሮ ራውዳ፣ እህትዎ ከልዮን ከላኩልዎት ጃኬት ጋር አንድ ዓይነት አዝራር ነው እኮ» አለ። ሥራ አስኪያጇ ቀላች። ኡመይማ ስትነግረኝ፣ ምላሴ ላይ ሦስት መልስ መጣብኝ፣ ሁሉም ሴትዮዋን የሚያሳፍር ነበር አለች። ስለ ጃኬቷ ምንም ሳትል ስለ ራሷ ብቻ «የእኔ የአያቴ ነው። የባቡር ተቆጣጣሪ ነበር። ያጠበበልኝ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ነው» አለች።

ወይዘሮ ራውዳ ጎንበስ ብላ አዝራሩን ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው፤ ቀጥሎ የኡመይማ ጃኬት ላይ ባዶውን ቦታ አየችው። ሁሉም ገባት። ሳቋ ከኮሪደሩ ማዶ ተሰማ ይባላል። «ልዮን የለም» አለች ለወንዶቹ፤ «የሰኞ ቦንዳ ነው። የዚህችን ልጅ ልብስ ነው የገዛሁት።» ሌላኛው ሰውዬም ክራቫቱን እየነካካ የእሱም ከዚያው እንደሆነ ተናዘዘ።

ከዚያ በኋላ ነው ዋናው ጥያቄ የመጣው፤ በዘይት ጭነት ሰነድ ላይ ጨምቀው ጠየቋት። የምታውቀውን አስረዳች፤ አንዱን አላውቀውም፣ ግን እስከ ሰኞ አውቀዋለሁ አለች። እሷም በተራዋ፣ እዚህ የሚገባ ሰው በመጀመሪያው ወር ምን ሲሠራ ማየት ትፈልጋላችሁ ብላ ጠየቀቻቸው። ይህቺኛዋ ምክር ያንቺ ነበረች፤ ምስጋናሽን ውሰጂ። መቀጠሯንም እዚያው ነገሯት። ወይዘሮ ራውዳ ጃኬቷን ልትመልስላት ብትል እህትሽ እምቢ አለች፤ እርስዎ ላይ ትከሻው ልክ ነው አለቻት።

ኡመይማ በሩን ገፍታ ገብታ «ሻንጣውን መልሱት» ስትል፣ አያትሽ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ እንደ ሕፃን አለቀሰች። እኔ ምን ሆነሻል ብዬ ሳቅሁባት።

ሁለተኛውን አልጋ አታፍርሺው፤ ለበዓል ሁላችንም እንመጣበታለን፣ እኔ ግድግዳ ዳር ነው የምተኛው። አያትሽ ኸዱጃ ዓይንሽን ትስማለች፣ ሾርባ ጠጪ ትላለች። ኡመይማ ሰላም ትልሻለች፤ ደንብ ልብሴን ለብሳ እኔኑ ቲኬት አሳየኝ ማለት ጀምራለች። ሙንጂያ ሰላም ብላሻለች፣ የትከሻሽን ስፋት ላኪልኝ ትላለች። ድመቷም ሰላም ናት፤ ግራጫ ስለሆነች ገበያ አንወስዳትም።

አያትሽ ቲጃኒ
መህዲያ፣ ዓርብ፣ ኖቬምበር 22 ቀን 2024

ተጨማሪ፦ አንዲቱን ነገር ፈጥሬአታለሁ። ጃኬቷ፣ አዝራሩ፣ ልዮን፣ ሁሉም እውነት ነው፤ ካላመንሽ ሙንጂያን ጠይቂ። አያትሽ ግን አላለቀሰችም። እሷ ወጥ ቤት ብሪክ፣ ያንን የእንቁላል ሳምቡሳዋን፣ እየጠበሰች ነበር። ደጃፉ ላይ የተቀመጠው ሌላ ሰው ነው።