«ሰው የማይኖርበት» ተብሎ ለሐራጅ ስለወጣው ቤቴ

ለተከበሩ የብድር ማስመለሻ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም የተሟላ ጤና እመኛለሁ። በተለይ ወገብዎን ይጠብቁልኝ፤ የሰው ቤት ከአንዱ አንስቶ ለሌላው ማስረከብ ቀላል ሸክም አለመሆኑን እኔ አናጢው በሚገባ እረዳለሁ።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴ እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። በጽሕፈት ቤትዎ በኩል ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች መልስ ስላላገኙና የቤቴንም ሐራጅ ያወጃችሁት በዚሁ ጋዜጣ ስለሆነ፣ ቢያንስ እዚህ ገጽ ላይ ዓይንዎ ያርፍ ይሆናል ብዬ ነው።

መብታችሁን አልክድም። የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን ለመግዛት ስበደር ቤቴን በመያዣነት የሰጠሁት፣ ውሉንም እኔና ባለቤቴ ገጽ በገጽ የፈረምነው ወደንና ፈቅደን ነው። ባለቤቴ ስትታመም የእንጨት ሥራ ቤቴን ዘግቼ አንድ ዓመት ሙሉ ከአልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ክፍያው የተቋረጠው ያኔ ነው። ብድሩ ካልተከፈለ መያዣው ይሸጣል ይላል ውሉ፣ እኔም ማንበብ እችላለሁ። ስለዚህ ቤቴን ተዉልኝ ብዬ አላስቸግርዎትም፤ የማመለክተው ስለሚከተሉት ጥቃቅን ነገሮች ብቻ ነው።

1ኛ/ ማስጠንቀቂያው ውሉን ለፈረመ ሁሉ ለየብቻ መድረስ አለበት ተብሎ፣ ባለቤቴ ካረፈች ከአምስት ወር በኋላ መልእክተኛችሁ በስሟ የተጻፈ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ራሷ ካልፈረመች አልሰጥም ብሎ አራት ጊዜ ተመላለሰ። የሞት የምስክር ወረቀቷን ቢሯችሁ ድረስ ወስጄ ካስመዘገብኩ በኋላም፣ በቀጣዩ ወር ሌላ ደብዳቤ ተጻፈላት፤ ያውም ከሰላምታ ጋር። ዘመዶቿ እንኳ ደጄን መርገጥ ባቆሙበት ጊዜ እሷን ስላልረሳችኋት ምስጋናዬ ከልብ ነው።

2ኛ/ ቤቱን ሊገምት የመጣው ባለሙያ ትሑት ሰው ነበር። ብቻውን ስለመጣ የሜትሩን አንዱን ጫፍ እኔ ያዝኩለት፤ ሳሎኑን፣ ሁለቱን መኝታ ቤቶችና ማድ ቤቱን አብረን ለካን። ሻይ አፍልቼለት ደገመ። ስለ ጣሪያው ዕድሜ ሲጠይቀኝ፣ ሰው አንድ ነገር ከጠየቀኝ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ስለነበር፣ ከሚያስፈልገው በላይ አወራሁለት። ሁለት ሳምንት ቆይቶ በወጣው የሐራጅ ማስታወቂያ ላይ «የቤቱ ሁኔታ፦ ሰው የማይኖርበት» የሚል አነበብኩ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ተነሥቼ ቤቱን ዞር ዞር ብዬ አየሁት። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሰሃንና አንድ ማንኪያ ነበር፣ ሌሎቹ ወንበሮች ላይ አቧራ ተኝቷል። በባለሙያው ላይ መፍረድ ከበደኝ።

3ኛ/ ከማስታወቂያው ወዲህ ቤቱን ሊያዩ የሚመጡ ተጫራቾች ዘበኛ እመስላቸዋለሁ። አንዱ ሲወጣ ለሻይ ብሎ ሳንቲም እጄ ላይ አኖረልኝ፤ ባለቤቱ ነኝ ማለት አሳፍሮኝ ተቀበልኩ። ይህንን ልለፈው። ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት ወይዘሮ ከባሏ ጋር መጥታ መኝታ ቤት ገባችና ቁም ሣጥኑን ከፈተችው። ቁም ሣጥኑን በተጋባን ዓመት ከግድግዳው ጋር አያይዤ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ግድግዳው ካልፈረሰ አይነቀልም፣ የቤቱ አካል ነውና አብሮ ይሸጣል ብላችኋል፣ ይሁን። ውስጡ ያሉት ግን የባለቤቴ ልብሶች ናቸው፣ እሷ እንደሰቀለቻቸው። ከሞተች ወዲህ ከፍቼው አላውቅም፤ ፈርቼ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ወይዘሮዋ ልብሶቹን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ጥልቀቱን በክንዷ ለካችና ሰፊ መሆኑን ለባሏ ነገረችው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ የባለቤቴ ጠረን እኔ ያለሁበት ድረስ መጣ። ወይዘሮዋን አልተቀየምኳትም፤ ሰው የማይኖርበት ቤት ነው ተብላ ነው የመጣችው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸው ነው። የፊታችን ማክሰኞ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት በሚደረገው ሐራጅ ቤቱ ሰው የማይኖርበት ተብሎ ከተሸጠ ቁልፉ በዕለቱ ለገዢው ይሰጣል፤ ሰው የሚኖርበት ከተባለ ግን በራሳችሁ መመሪያ ነዋሪው ዕቃውን የሚያወጣበት ሠላሳ ቀን ያገኛል። ያቺን አንዲት መስመር አርሙልኝ። ሠላሳውን ቀን የምፈልገው ልከራከርበት አይደለም። ሃያ ዘጠኙን ቀን ቁም ሣጥኑ ፊት እየተቀመጥኩ ራሴን አደፋፍርበታለሁ፣ በሠላሳኛው ልብሶቿን በእጄ አጥፌ አወጣለሁ። ለዚህ ሥራ ና አግዘኝ የምለው ሰው ስለሌለኝ ነው ጊዜ የሚወስድብኝ።

እያንዳንዷን የቤቴን ጥግ በሜትር ለሚያውቀው ክፍልዎ ያለኝን ወሰን የለሽ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ከሥራዎ ብዛት የተነሣ ይህንንም ሳያነቡት ቢቀሩ ከወዲሁ ይቅር ያልኩዎ መሆኔን በታላቅ ትሕትና አሳውቃለሁ።

በማስታወቂያችሁ ላይ የሌለው ነዋሪ፣
አናጢው

ግልባጭ፦
ለሟች ባለቤቴ (አድራሻዋ በእናንተ ዘንድ ይገኛል)

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ከክፍልዎ አንዲት ሠራተኛ ጠርታኝ፣ ከሽያጩ የሚተርፍ ነገር ቢኖር የሚላክበትን ቅጽ አስሞላችኝ። «ወደፊት የሚኖሩበት አድራሻ» የሚለውን ባዶ ተውኩት። «እርስዎ ባይገኙ የምናነጋግረው የቅርብ ሰው» የሚለውን ግን ባዶ መተው አይቻልም ተባልኩ። ብዙ ካሰብኩ በኋላ፣ ባለፈው ዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ የጻፈልኝ ሰው እርስዎ ብቻ ስለሆኑ የእርስዎን ስም አስገባሁ። «ዝምድና» በሚለው ፊት «አበዳሪ» ብዬ ሞልቻለሁ፤ ስለ እኔ ከተደወለልዎ አደራ ስልኩን ያንሱ።