በመስኮት የተወረወረው በርጩማ

ኦርኔላዬ፣

ስመኘው የኖርኩትን የዲዛይነር በርጩማ እዚህ ኪያቫሪ አገኘሁት! አስመስለው የሠሩት እንዳይሆን ብዬ፣ ዱሮ በተሠራበት ወርክሾፕ አናጢ ለነበሩት ለአዛውንቱ ታርቺዚዮ አሳየሁ። እኛ ሚላኖ ቢሆን ባለሙያው ጓንት አጥልቆ በአጉሊ መነጽር ያየው ነበር። እሳቸው ግን ሳያማክሩኝ ፎቅ ይዘውት ወጡና በመስኮት ወደ ግቢው ወረወሩት።

«አብደዋል እንዴ?» ብዬ ጮህኩ።

በርጩማው ድንጋዩ ላይ ነጥሮ ወደቀ፤ ትንሽ ተጫረ እንጂ አልተሰበረም።

«የኛ ነው!» አሉ ከላይ። «ሠርተን ስንጨርስ የምንፈትነው እንዲህ ነበር። ደግሞ ምን ያስጮህሻል? ሰው የሚቀመጥበት ዕቃ እኮ ነው!»

ይኸው እሱ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። እቤት ሰብስቤ ያስቀመጥኳቸው አሥራ አንድ የዲዛይነር ወንበሮች ላይ ግን ተቀምጬ አላውቅም፤ አንቺንም ከልክዬሻለሁ። እናትሽን ሳሚልኝ። አበባዎቼን ልታጠጪ ስትገቢ፣ ደስ ያለሽ ላይ ቁጭ በይ።

ኒቬስ