የጂቱን እንቁላሎች ስላቀዘቀዘችው መኪናችሁ

ለተከበሩ የቀና መንገድ ወርሃዊ የኤሌክትሪክ መኪና አገልግሎት ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለተደረገልን መልካም ነገር ሁሉ ምስጋና ስለማቅረብና አንዲት ወረቀት እንድትሻርልን ስለመለመን

የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ፣ የቢሮዎም መብራት ሳይቆራረጥ እንዲያገለግልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አካሌ ደህና ነው። ሰላም የነሳኝን ነገር ግን ከዚህ በታች በቁጥር ከፋፍዬ በአክብሮት አቀርባለሁ። በቁጥር ያደረግሁትም ቴክኒሻንዎ ለግቢያችን የሰጡት ወረቀት በቁጥር የተጻፈ በመሆኑ፣ ከእርሳቸው ያነሰ ሥርዓት እንዳይታይብኝ ብዬ ነው።

ስሜ ኤቢሳ ነው። አገሬ ወለጋ ሲሆን አሁን የምኖረው ካራ፣ አቶ ፈዬራ በሚያከራዩት ግቢ ውስጥ ነው። የምሠራውም እንጦጦ ላይ፣ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ አትክልተኛ ሆኜ ነው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ፣ በጽሑፌ ስሕተት ቢያገኙ በእኔ ላይ ይፍረዱ እንጂ ባስተማሩኝ ላይ አይፍረዱ። መኪናችሁን በወር ደንበኝነት የወሰደው ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ ጌድዮን ነው። እሱ መንጃ ፈቃድ ያለው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ መሥሪያ ቤቱም ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ በመሆኑ መንገዳችን አንድ ነው። ስለዚህ ከታክሲ ሰልፍ እንገላገል እንደሆነ ለመሞከር ተስማማን። እሱ ይነዳል፤ እኔ ከሥራ ስንመለስ ቻርጅ ላይ እሰካታለሁ። የሥራ ክፍፍላችን ይኸው ነበር።

አንደኛ፦ ስለ ወንበሩ ልስላሴ አመሰግናለሁ። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ካራ ላይ፣ ትናንት አብሬያቸው የቆምኩትን ሰልፈኞች እንደ ነፋስ አልፈናቸው ስንሄድ፣ የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ ወንበሩ ውስጥ ሰመጥኩ። ጌድዮን ግን «ቀና በል እንጂ! የሰረቅናት አስመሰልካት እኮ!» እያለ ሳቀብኝ። ያልሰረቁትን ነገር ይዞ እንደ ሌባ መሸማቀቅን ያስተማረኝ ድርጅትዎ ነውና ውለታዎን አልረሳም።

ሁለተኛ፦ ስለ ማስታወቂያችሁ አመሰግናለሁ። «የማንኛውም ቤት ሶኬት ይበቃታል፤ እርስዎ ሲያርፉ መኪናዎ ትመገባለች» የሚለውን ቃል ጌድዮን ከስልኩ ላይ ሲያነብልኝ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያው ማዕድ ስንት ሰው እንደሚበላ ግን ማስታወቂያው አልጠየቀንም፤ መጠየቅም የእናንተ ፋንታ እንዳልሆነ እረዳለሁ። የእኛ ግቢ ተከራይ ሁሉ የሚጠቀመው በአንድ ቆጣሪ ነው። ስለዚህ ምጣድም ሆነ ካውያ የሚሰካ ሰው በሩ ላይ ቆሞ «ልሰካ ነው!» ብሎ መጮህ አለበት። አንድ ሰው «ቆይ!» ካለው ይታገሣል። ይህ ልማድ ማንም ሳያስተምረን የያዝነው ሲሆን፣ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሳያጣላን አኑሮናል። እኔም በመጀመሪያው ምሽት ልጮህ አፌን ስከፍት ጌድዮን «ምጣድ አደረግካት እንዴ? መኪና ናት እኮ፣ አታዋርዳት!» አለኝ። መኪናዋን ላለማዋረድ ስል ከዚያ በኋላ ዝም ብዬ መሰካት ጀመርኩ።

ሦስተኛ፦ ስለ ደንበኞች አገልግሎታችሁ የማቀርበው ምስጋና ከሁሉም ይበልጣል፤ ስለዚህ ትንሽ ብረዝም ይታገሡኝ። ጂቱ የምትባል ጎረቤት አለችን። እሷም ከአሮጌ ፍሪጅ በተሠራ ማስፈልፈያ ጫጩት እያስፈለፈለች ለካራና ለአካባቢው ዶሮ አርቢዎች ትሸጣለች። ማስፈልፈያው ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ቀንና ሌሊት ስለሚያጓራ፣ ግቢው ውስጥ መኖሩን የማያውቅ የለም። በአንድ እሑድ ጂቱ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ሳለች መኪናችሁን ሰካሁ፤ የቆጣሪው ብሬከር ወረደ። መለስኩት፤ ደግሞ ወረደ። በማግስቱ የእንጦጦ ዳገት ይጠብቀናል፣ ባትሪውም ተጋምሷል፤ ስለዚህ ወደ ቢሮአችሁ ደወልኩ። ድምፅዋ እንደ ማር የሚጣፍጥ ሠራተኛችሁም «ውድ ደንበኛችን፣ አላስፈላጊ የሆኑ ዕቃዎችን ይንቀሉ» አለችኝ። በሰው ቤት ውስጥ አላስፈላጊ የሆነውን እንድመርጥ ከዚያ በፊት ሥልጣን የሰጠኝ ሰው አልነበረምና፣ ለተጣለብኝ አመኔታ እጅግ አመሰግናለሁ።

የመረጥኩት የጂቱን ማስፈልፈያ ነው። አላስፈላጊ መስሎኝ እንዳይመስልዎ። የሌሎቹ ዕቃዎች ባለቤቶች ቤታቸው ነበሩ፤ እሷ ግን «ቆይ» ልትለኝ አልነበረችም። ለትንሽ ጊዜ ነው ብዬ ነቀልኩት። መኪናዋ ግን በጥድፊያ የምትበላ አይደለችምና ጠግባ የተነሣችው ከሰዓት በኋላ ነው። ጂቱ ከመመለሷ በፊት መልሼ ሰካሁት፤ እሱም ምንም እንዳልተደረገበት ሁሉ ማጓራቱን ቀጠለ። እንቁላሎቹ ሊፈለፈሉ የተቃረቡ ነበሩ። ቀናቸው ሲደርስ ከዚያ ሁሉ እንቁላል የወጡት ጥቂት ጫጩቶች ብቻ ናቸው፤ እነሱም እግራቸው አልጸናም። የቀሩትን ጂቱ ከጓሮ አጥሩ ሥር ተቀምጣ እየሰበረች አየቻቸው። ሲሰበሩ የሚያሰሙት ድምፅ እስከ ክፍሌ ድረስ ይመጣ ነበር፤ እኔም በሬን ዘግቼ የሥራ ጫማዬን ስጠርግ አመሸሁ፤ ጫማው ግን አልቆሸሸም ነበር።

አራተኛ፦ ስለ ቴክኒሻንዎ አመሰግናለሁ። ብሬከሩ መውረዱን ስላላቆመ ጌድዮን ጠራቸውና ነጭ ሸሚዝ ለብሰው መጡ። ኮሪደሩ ላይ ቆመው አዳመጡ። መኪናዋ ጸጥ ብላለች፤ ማስፈልፈያው ያጓራል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ወዲያው ተቀምጠው ጻፉ፦ «1. ተሽከርካሪው ጤናማ ነው። 2. የችግሩ ምንጭ ደረጃውን ያልጠበቀ የጫጩት ማስፈልፈያ ነው። 3. ማስፈልፈያው ከግቢው እንዲወጣ እንመክራለን።» ማኅተምም መቱበት። ከዚያም በትሕትና «የምትጨምሩት ነገር አለ?» ብለው ጠየቁን። ጂቱ እኔን አየች፤ ለምን እንዳየችኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ አራተኛ ክፍል፣ እሳቸው ባለ ማኅተም፤ መሬት መሬቱን እያየሁ ዝም አልኩ።

አከራያችን አቶ ፈዬራ ዕድሜያቸውን በእርሻ ያሳለፉ ደግ ሰው ናቸው። መኪናዋ ግቢያቸው ከገባች ወዲህ ግን ደጁን ራሳቸው እየጠረጉ ለመንገደኛው ሁሉ «ግቢዬ ኤሌክትሪክ ሆነ» ይላሉ። ወረቀቱን እንዳዩም ጂቱን ጠርተው ማስፈልፈያውን እስከ ወሩ መጨረሻ እንድታወጣ ነገሯት። የቤት ኪራይዋን የሚከፍለው ማስፈልፈያው ስለሆነ፣ እሱ ከወጣ እሷም መውጣቷ ነው።

አምስተኛ፦ ይህ ክስ የሚመለከተው እርስዎን ሳይሆን እኔን ነው፤ ነገር ግን የሚያዳምጠኝ ባለሥልጣን ስላጣሁ እርስዎ ዘንድ አቀርበዋለሁ። ቴክኒሻንዎ ከሄዱ በኋላ ጂቱ የእንቁላል መደርደሪያዎቿን ስታጥብ አገኘኋትና የነቀልኩት እኔ መሆኔን ነገርኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፤ ብትሰድበኝ በተሻለኝ። እሷ ግን መደርደሪያውን ማጠቡን ሳታቋርጥ «አንተ ልጅ፣ እንቁላሉንስ ተወው፤ ዶሮም ጥላው ትነሣለች። ያ ሰውዬ ሲጽፍ አፍህን ማን ነቀለው?» አለችኝ። ወደ አቶ ፈዬራም ሄጄ ጥፋቱ የመኪናዋ እንጂ የማስፈልፈያው አለመሆኑን ብነግራቸው፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ልጄ፣ አንተ ማኅተም አለህ?» አሉኝ። የለኝም።

ስለዚህ የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣ ማኅተሙ ያለው እርስዎ ጋ ስለሆነ በዚያው ማኅተም ያንን ወረቀት እንዲሽሩልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ጥፋተኛ ሳይጻፍበት የሚቀር ወረቀት ከሌለ የእኔን ስም ይጻፉበት፤ አጻጻፉ ቀላል ነው። ከሰኞ ጀምሮ መኪናዋን መስካት አቁሜአለሁ፤ ከዚያ ወዲህም ማስፈልፈያው ሌት ተቀን እያጓራ ብሬከሩ አንድም ጊዜ አልወረደም። ቴክኒሻንዎ ይህን ለማዳመጥ ቢመጡ በደስታ እንቀበላቸዋለን። ጌድዮን ባትሪው እስኪያልቅ ነድቷት፣ አሁን እንደ ድሮአችን ሰልፍ ላይ ነን። «አንተ የዶሮ ጠበቃ! እንጦጦን በጫጩት ትወጣታለህ!» ካለኝ በኋላ አያነጋግረኝም፤ ቀድሞኝ ከደረሰ ግን ተራዬን ይይዝልኛል።

ለሰጡኝ ጊዜና ላልሰጡኝ ጆሮ ከልብ አመሰግናለሁ፤ የድርጅትዎ መኪናዎች ቆጣሪው ለብቻው በሆነ ቤት ሁሉ ሰላም እንዲያገኙ እመኛለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣ እጅ ነሥቼ
ኤቢሳ
አትክልተኛ፣ የመኪናችሁም የቀድሞ ሰኪ
ካራ፣ የካ ክፍለ ከተማ

ግልባጭ፦
ለአቶ ፈዬራ
ለወይዘሮ ጂቱ
ለጌድዮን (ሰልፍ ላይ ላለበት)

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ግቢ ውስጥ፣ ተከራይ ሁሉ በተሰበሰበበት ለአቶ ፈዬራ አነበብኩላቸው። እንቁላሎቹ መቀዝቀዛቸውን የሰሙት ገና ያን ጊዜ ነበር። ሦስተኛውን ቁጥር እንድደግምላቸው ጠየቁኝ፤ ደገምኩት። ከዚያም «ሊፈለፈል የደረሰ ነገር ይነካል?» ብለው ጮኹብኝና፣ መኪናዋን ከግቢ እንድናስወጣ አዘዙ። እኔና ጌድዮን ስንገፋት አልነቃነቅ ስትለን ጂቱ መጥታ አብራን ገፋችና መኪናዋ ወጣች። ወረቀቱን ግን አቶ ፈዬራ አልቀደዱትም፤ ማኅተም ነዋ! ሌላ ማኅተም እስኪመጣ ድረስ ጂቱ በይደር ትኖራለች። መኪናችሁ በራችን ላይ አቧራ ለብሳ ቆማለች፤ እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ደግሞ ዳገት ነው። ጤናማ መሆኗን ቴክኒሻንዎ በጽሑፍ ስላረጋገጡልን፣ ሊወስዷት ሲመጡ ከኋላ የሚገፉት እሳቸው ቢሆኑ እንወድ ነበር።